ጳጉሜ 4 ኤፕሪል 13 ሲሆን፦ የተሳሳተ ዳታ ታይፕን በሪፖርት ውስጥ ማሳደድ

ረቡዕ ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን የታተመ ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ቢሮው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ ጋሼ ልበላቸው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሪፖርትህ አብዷል" አሉኝ።

ወረቀቱ የብድር ዕድሜ ሪፖርት ነው። ብድሩ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው ያሳያል። ሁለት ተበዳሪዎች ላይ 3,136 ቀን ይላል። ስምንት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። የምሠራበት የቁጠባና ብድር ማህበር ግን ገና ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ሳንወለድ አበድረናል ማለት ነው።

"ሲስተሙ ነው" ብዬ ላመልጥ ዳዳኝ። ጋሼ ግን ወረቀቱን አስቀምጠው ወንበር ሳቡ።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንዲት አዲስ የቅርንጫፍ ሠራተኛ የብድሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞልታዋለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2016ን 04/13/2016 ብላ ጻፈች። ለእሷ ትክክል ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ዳታቤዙ ግን ወርን የሚያስቀድመውን የአሜሪካኖቹን አጻጻፍ ነው የሚያነበው። ስለዚህ በፈረንጅ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 ነው ብሎ ዝም ብሎ ተቀበላት። እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 ነበር። 65 ቀን መሆን የነበረበት 3,136 ሆነ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የዚያችኑ ልጅ ሌሎች ብድሮች ስፈልግ ሪፖርቱ ላይ የሉም። ነሐሴ 23ን 23/12/2016 ብላ ጽፋለች። 23ኛ ወር ስለሌለ ቀኑ ኑል፣ ማለትም ባዶ፣ ሆነ። ኑል የሆነውን ደግሞ የሪፖርቱ ማጣሪያ ጣለው። እንዲህ ያሉ 11 ብድሮች ነበሩ። ሁለቱ ስለጮሁ ጋሼ አዩዋቸው። አሥራ አንዱን ግን ማንም አላያቸውም። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚባለው ይሄ ነው። ቀኑን ስህተት ሳያሳይ ወደ ኑል የሚለውጠውን ኮድ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ዓመት ቀደም ብሎ ሪፖርቱ እየተቋረጠ ሲያስቸግረኝ ዝም ያሰኘሁት መስሎኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ የዳታ ታይፕ (ዳታው ቁጥር፣ ቀን ወይም ጽሑፍ ተብሎ የሚያዝበት ዓይነት) ችግር ሲመጣብኝ የምሄድበትን መንገድ ነው የምጽፈው። እኛ ጋ ያለው ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው፤ ሪፖርቶቹ በክሪስታል ሪፖርትስ የተሠሩ ናቸው፤ ከቅርንጫፍ የሚመጣው በኤክሴል ነው። እናንተ ጋ ያለው የሪፖርት መሥሪያ ፓወር ቢአይ ወይም ሌላ ቢሆንም በሽታው ያው ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን ከሪፖርቱ ላይ አንሱ

ሪፖርቱ ሲሳሳት ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ፎርሙላው ነው። አንድ ቦታ ወደ ቁጥር እንለውጣለን፣ ሌላ ቦታ ወደ ጽሑፍ። ለዛሬ ይሠራል። በሳምንቱ ሌላ ሪፖርት ላይ ያው ችግር ይመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከቃሊቲ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ታክሲ ይቀያይራል። ፒያሳ ደርሶ ቦርሳው ከጠፋ፣ የጠፋው ፒያሳ ነው አይባልም። ዳታም እንደዚሁ ነው። ከኤክሴል ወይም ከመመዝገቢያ ፎርም ይነሳል። የዳታቤዙ ቴብል ውስጥ ይገባል። በቪው (ዳታቤዙ ውስጥ በተቀመጠ ኩዌሪ) ወይም በስቶርድ ፕሮሲጀር (እዚያው በተቀመጠ ኮድ) ያልፋል። ዳታቤዙንና ሪፖርቱን የሚያገናኘው ድራይቨር ተሸክሞ ሪፖርቱ ጋ ያደርሰዋል። በመጨረሻም አንድ ሰው ወደ ኤክሴል መልሶ ያወጣዋል። በእያንዳንዱ ፌርማታ ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ሥራችሁ የቱ ታክሲ ውስጥ እንደተቀየረ ማወቅ ነው።

አንድ የተበላሸ ረድፍ ብቻ ያዙ። አንድ ደንበኛ፣ አንድ ብድር። እሱን በየፌርማታው ተከተሉት።

ኤክሴል ላይ ዓይናችሁ ብቻ ይበቃል። ምንም ካልነካካችሁት፣ ቁጥርና ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋሉ፤ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ቁጥር መስሎ ግራውን ከያዘ ጽሑፍ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ካለም ኤክሴል ራሱ እየጠቆማችሁ ነው።

ዳታቤዙ ላይ ቴብሉን ዘርግታችሁ ኮለምስ የሚለውን ክፈቱ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዓይነቱ ተጽፏል። ቪውም ካለ የቪውን ኮለሞች ለብቻ እዩ። ቴብሉ ላይ ዴት (ቀን) የነበረው ቪው ላይ ቫርቻር (ጽሑፍ) ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው "ለሪፖርት እንዲያምር" ብሎ እዚያ ቀይሮታል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

ክሪስታል ላይ ፊልድ ኤክስፕሎረር ውስጥ የቴብሉን ፊልድ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ሾው ፊልድ ታይፕ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ከየስሙ ጎን ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ነምበር፣ ዴት ታይም እያለ ያሳያችኋል። ይህችን ምርጫ ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፓወር ቢአይ ላይ ደግሞ ፓወር ኩዌሪ ውስጥ በየኮለሙ ራስ ላይ ትንሽ ምልክት አለ። የቁጥር፣ የፊደል ወይም የካላንደር ሥዕል ነው።

ድራይቨሩን ማንም አይጠረጥረውም። አንድ ጊዜ ቴብሉ ላይ ዴት፣ ቪውም ላይ ዴት፣ ክሪስታል ላይ ግን ስትሪንግ የሆነብኝ ኮለም ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ዴት የሚባለው ዓይነት የመጣው በኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ ስሙ በባዶው "ኤስኪውኤል ሰርቨር" የሚባለው የድሮ ኦዲቢሲ ድራይቨር ይህን ዓይነት አያውቀውም። ስለማያውቀው ጽሑፍ አድርጎ ያቀርበዋል። መፍትሔው ፎርሙላ መጻፍ አይደለም። አዲሱን ኦዲቢሲ ድራይቨር ጭናችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ ሴት ዳታሶርስ ሎኬሽን በሚለው ወደ አዲሱ ማዞር ነው። ድራይቨር 18ን ከጫናችሁ ግንኙነቱን በራሱ ማመስጠር ስለሚፈልግ፣ መጀመሪያ ላይ ስለ ሰርቲፊኬት ሊያማርር ይችላል። አትደንግጡ፤ የዳታ ታይፕ ጉዳይ አይደለም።

ጥፋተኞቹን ረድፎች ማደን

ፌርማታው ከታወቀ በኋላ የትኞቹ ረድፎች እንደተበላሹ መለየት ነው። 40 ሺህ ረድፍ በዓይን አይታይም።

ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ጀምሮ ትራይ ኮንቨርት የሚባል አለ። መለወጥ ካልቻለ ስህተት ከመጣል ይልቅ ኑል ይመልሳል። እኔን ያበላሸኝ ይሄው ነው፤ የሚያድነውም ይሄው ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ስትከቱት ችግር ይደብቃል። ለፍተሻ ስትጠቀሙበት ግን ችግር ያወጣል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ኮለሙ ባዶ ያልሆነ፣ ትራይ ኮንቨርት ሲደረግ ግን ኑል የሚሆነውን ሁሉ አምጣልኝ። የሚመጡት ረድፎች ጥፋተኞቹ ናቸው። የኔ 11 ብድሮች በሁለት ሰከንድ ብቅ አሉ።

ይህ ግን መለወጥ እምቢ ያሉትን ብቻ ነው የሚይዘው። ጳጉሜ 4 እዚህ የማትወጣው ወደ ሌላ ትክክለኛ ቀን ስለተለወጠች ነው። ለእንደዚህ ያለው ሚኒመምና ማክሲመም አውጡ። ትንሹ ቀን ስንት ነው? ትልቁስ? ማህበሩ ከመመሥረቱ በፊት የተሰጠ ብድር ካለ፣ ወይም የተወለደበት ቀን ገና ያልደረሰ ደንበኛ ካለ፣ ወዲያው ይታያችኋል።

ሌላው የምወደው ዘዴ በርዝመት መቁጠር ነው። ጽሑፍ ሆኖ የተቀመጠውን ኮለም በፊደሉ ብዛት ግሩፕ አድርጉት። ስልክ ቁጥር ከሆነ 10 ፊደል ያለው ስንት ነው፣ 9 ስንት ነው፣ 13 ስንት ነው? 9 የሆኑት ዜሯቸውን የበላ ሰው አለ ማለት ነው። 13 የሆኑት በፕላስ 251 የተጻፉ ናቸው። 11 የሆኑት ካሉ ደግሞ የማይታይ ነገር ተለጥፎባቸዋል።

ስለማይታይ ነገር ካነሳሁ፦ ከድረ ገጽ ወይም ከኢሜይል ኮፒ የተደረገ ቁጥር ኋላው ላይ ልዩ ክፍት ቦታ ይዞ ይመጣል። ኮዱ 160 ነው። ዓይን ተራ ክፍት ቦታ ይመስለዋል፤ ክፍት ቦታ የሚያጠፋው ትሪም ግን አያጠፋውም። ሪፕሌስ አድርጋችሁ በኮዱ ጠርታችሁ ማውጣት አለባችሁ። ከዜሮ ይልቅ ኦ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል የሚመታም አለ። አንድ ጊዜ 1,5ኦኦ ብር አይቻለሁ። ብር ነው ወይስ የመኪና ታርጋ?

ኢዝ ኑሜሪክ የሚባለውን ፈንክሽን አትመኑት። ሰረዝ ብቻዋን ቁጥር ናት ይላል። ነጥብ ብቻዋንም ቁጥር ናት ይላል። በኮማ የተጻፈውን 1,250.00ም ቁጥር ነው ብሎ ያሳልፋል። ወደ ዴሲማል (ከነጥብ በኋላ ያለውን በትክክል ወደሚይዘው የቁጥር ዓይነት) ስትለውጡት ግን ይፈነዳል፤ ዴሲማል ኮማ አይቀበልም። ኮማውን የሚቀበለው መኒ የሚባለው ዓይነት ነው። ስለዚህ "ቁጥር ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "የምፈልገው ዓይነት ይሆናል?" ብላችሁ በትራይ ኮንቨርት ጠይቁ።

ቀን፣ ዋናው ራስ ምታት

ለሁለት ሰዎች አንድ ሪፖርት የተለያየ ውጤት ከሰጠ፣ መጀመሪያ የሎጊኑን (ወደ ዳታቤዙ የሚገባበትን መለያ) ቋንቋ እዩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ሎጊን የራሱ ቋንቋ አለው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ 05/06 ሜይ 6 ነው። የብሪታኒያ ከሆነ ጁን 5 ነው። ስህተት አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይለያያል።

"እኔ ዓመትን አስቀድሜ በሰረዝ ነው የምጽፈው፣ እሱ አያሳስትም" የሚል አለ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዴት ለሚባለው አዲሱ ዓይነት እውነት ነው። ዴት ታይም ለሚባለው ለድሮው ግን አይሠራም። ቋንቋው ብሪቲሽ ከሆነ 2024-03-09ን ዓመት፣ ቀን፣ ወር ብሎ አንብቦ ሴፕቴምበር 3 ያደርገዋል። የማያሳስተው ያለ ምንም ሰረዝ 20240309 ብሎ መጻፍ ነው። አለበለዚያ ስትለውጡ የአጻጻፉን ቁጥር አብራችሁ ስጡ። ኮንቨርት ላይ 103 ቀንን ያስቀድማል፣ 101 ወርን ያስቀድማል። አንዱን መርጣችሁ ጻፉት። ለሎጊኑ ቋንቋ አትተዉለት።

ቀን ይጠበቅ የነበረበት ቦታ 45000 የሚመስል ቁጥር ካያችሁ፣ የኤክሴል ቀን ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቀን ቆጠራ ነው። 45000 ማለት ማርች 15 ቀን 2023 ነው። ኮለሙ ውስጥ ገሚሱ ቁጥር ገሚሱ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኤክሴልን ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው የማይክሮሶፍት ድራይቨር የኮለሙን ዓይነት የሚገምተው፣ ካልነገሩት በቀር፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው። ስምንቱ ቀን ከሆኑ ዘጠነኛው ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ ኑል አድርጎ ሊያሳልፈው ይችላል። ኤክሴሉ ላይ ያለ መረጃ ቴብሉ ላይ ባዶ ሆኖ ከታየ ይህን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ራሳችን አቆጣጠር። የውጭ መመሪያዎች ላይ ይህን አታገኙትም።

የኢትዮጵያን ቀን ዴት በሚባል ኮለም ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡ። ዴት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀንን በሚያስቀድመው አጻጻፍ እንዲያነብ አድርጋችሁ ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብትሰጡት፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እምቢ ይላል። ይሄ ደግነቱ ነው። የካቲት 30 ቀን 2016ን 30/06/2016 ብትሉት ግን ጁን 30 ቀን 2016 ብሎ በደስታ ይቀበላል። ማርች 9 ቀን 2024 መሆኑን በምን ያውቃል?

እኔ አሁን የማደርገው ሁለት ኮለም መያዝ ነው። አንዱ ዴት ነው፣ በፈረንጅ። ማስላት፣ ማጣራትና መደርደር በእሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለሰው ዓይን የሚሆን ጽሑፍ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የወሩን ስም በፊደል ነው የምጽፈው። "ጳጉሜ 4 ቀን 2016" ተብሎ ከተጻፈ ማንም ማሽን ኤፕሪል አያደርገውም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በፈንክሽን ይሠራል እንጂ በእጅ አይሞላም።

ፈንክሽኑን ስትጽፉ ወይም ከሌላ ሰው ስትወስዱ በእነዚህ ቀኖች ፈትሹት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መሆን አለበት። ማግስቱ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ቀን 2016 ነው። በ2024 ግን መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ነው። ብዙ ፈንክሽን እዚህ ላይ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የበጀት ዓመት ሪፖርት ካላችሁ ሐምሌ 1ንም ጨምሩ፤ ጁላይ 8 ካልሆነ አንድ ቦታ ላይ ስህተት አለ።

ሰዓትም አለ። ጥበቃው የመግቢያ መዝገብ ላይ 2:30 ብሎ ይጽፋል። ጠዋት ነው። ኮምፒዩተሩ ሌሊት ይለዋል። የትርፍ ሰዓት ሪፖርት ላይ ግማሹ ሠራተኛ ሌሊት ቢሮ አድሮ ካገኛችሁት አትደነቁ።

ቁጥር የሚመስሉ ቁጥር ያልሆኑ

እዚህ ላይ ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ ትደምሩታላችሁ? የሁለት ሰዎችን ስልክ ቁጥር ደምሮ የሚያውቅ ሰው የለም። የማይደመር ከሆነ ጽሑፍ ነው፤ አሃዝ ብቻ ቢሆንም።

በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ወደ ቁጥር ሲለወጥ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። ቲን ነምበር 10 አሃዝ ነው፤ ብዙው በሁለት ዜሮ ይጀምራል። ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ውስጥ ስትከቱት 8 አሃዝ ይሆናል። መልሳችሁ በዜሮ ልትሞሉት ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም ርዝመቱን ታውቃላችሁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን የከፋ ነው። 13 አሃዝ ያለውን ኤክሴል አጥብቦ 1.00012 ብሎ፣ ኋላው ላይ የአሥርን ርቢ (E+12) ለጥፎ ያሳየዋል። በዓይን ማየት ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ቁጥሩ ውስጡ አለ። ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ስታስቀምጡት ግን የሚጻፈው የሚታየው ነው። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ላይመለሱ ሄዱ።

16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ደግሞ ሲኤስቪም አያስፈልገውም። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም። አሥራ ስድስተኛው ዜሮ ይሆናል። የደንበኞቻችሁ የፋይዳ ቁጥር ሁሉ በዜሮ ሲያልቅ ካያችሁ ታምር አይደለም።

መከላከያው አንድ ነው። ከመጻፋችሁ ወይም ከመለጠፋችሁ በፊት ኮለሙን ቴክስት አድርጉት። ከተጻፈ በኋላ ቴክስት ማድረግ የጠፋውን አይመልስም።

ብር

ብርን ፍሎት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ከጋሼ ጋር አንድ ወር ይሥራ። ፍሎት ግምት ነው። 0.1ን እንኳን በትክክል አይዝም። አንድ ሁለት ረድፍ ላይ አይታይም። 12 ሺህ ረድፍ ሲደመር ግን ከሌጀሩ ጋር በሳንቲም ይለያያል፤ ለሒሳብ ሰው ሦስት ሳንቲም ሦስት ሚሊዮን ነው። ዴሲማል ተጠቀሙ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት ሰጥታችሁ። የወለድ ስሌት መሐል ላይ ከሆናችሁ ከሁለት በላይ ቤት ያዙና መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አጠጋጉ። መኒ የሚባለው ዓይነት ለማስቀመጥ ክፋት የለውም፤ ማካፈል ላይ ግን ከነጥብ በኋላ አራት ቤት ብቻ ስለሚይዝ ይሸራርፋል።

የመመለስ ምጣኔያችን አንድ ወር ሙሉ 0 በመቶ ሆኖ ታይቷል። ቦርዱ ሊያብድ ነበር። ከ10 ብድር 7ቱ ተመልሷል፤ 7 ሲካፈል ለ10። ሁለቱም ኢንት ስለሆኑ ኤስኪውኤል ሰርቨር መልሱንም ኢንት አደረገው። ዜሮ። አንዱን በ1.0 ማባዛት ይበቃል። ከማካፈሉ በፊት ነው ታዲያ፣ በኋላ ከሆነ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው።

መደርደርም ይነግራችኋል። 100 ከ20 በፊት ከመጣ፣ 9 ደግሞ ከሁሉም ኋላ ከሆነ፣ ያ ኮለም ጽሑፍ ነው።

የጥያቄ ምልክት የሆነ ስም

የደንበኛ ስም ???? ሆኖ ከመጣ ኮለሙ ቫርቻር ነው። አማርኛ የሚፈልገው የሌሎች ቋንቋዎችንም ፊደል የሚይዘውን ኤንቫርቻር ነው። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ተመልሶ አይመጣም፤ ኮለሙን መቀየር ለቀጣዩ ነው የሚጠቅመው። ኮለሙ ኤንቫርቻር ሆኖም ከተበላሸ፣ የስቶርድ ፕሮሲጀሩን ፓራሜትር እዩ። ቫርቻር ተብሎ ሊሆን ይችላል። ኩዌሪ ውስጥ በእጅ የሚጻፍ የአማርኛ ቃል ከሆነ ከጥቅሱ በፊት ኤን የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል መኖር አለባት። አለበለዚያ ማጣሪያው "አበበ"ን ሳይሆን ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው የሚፈልገው።

ክሪስታል ሲቆጣ

"እዚህ ጋ ቁጥር ያስፈልጋል" ካለ ጽሑፍ ሰጥታችሁታል። ጽሑፍ ያስፈልጋል ካለም በተቃራኒው። ጠቋሚው ፎርሙላው ውስጥ የትኛው ቃል ላይ እንደቆመ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እዚያው ነው። ቁጥርን በቱ ቴክስት ወደ ጽሑፍ ስትለውጡ ብቻውን ከተዋችሁት 1234ን 1,234.00 ያደርገዋል። የብድር ቁጥር በኮማ የታተመበት ደብዳቤ ለደንበኛ ልከን እናውቃለን። ፈንክሽኑ ውስጥ ዜሮ ዴሲማልና ባዶ ጥቅስ ጨምሩለት።

ሁለት ቴብል ስታገናኙ አንደኛው ላይ የደንበኛ ቁጥር ኢንት፣ ሌላው ላይ ቫርቻር ከሆነ ክሪስታል አያገናኝም። ቪው ላይ አስተካክሉት።

ኑል ራሱን የቻለ ክፋት አለው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ስትቀጥሉ የአያት ስም ኑል ከሆነ ሙሉው ባዶ ሆኖ ይታተማል። ኢዝ ኑል ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ በፎርሙላው መጀመሪያ ላይ ነው። ከተነካ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ዳታቤዙ ላይ ዓይነት ከቀየራችሁ በኋላ ሪፖርቱ በራሱ አያውቅም። ቬሪፋይ ዳታቤዝ በሉት። ይህን ረስቼ "አስተካክዬዋለሁ ጋሼ" ብዬ የነገርኳቸውን ጊዜ አልቆጥርም።

ለ13ቱ ብድሮች ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ቅርንጫፏ ጋ ደውዬ ከወረቀት ፎርሙ ላይ ትክክለኛውን ቀን አንድ በአንድ አስነበብኩ። በግምት አላስተካከልኩም። ኤክሴሉ ላይ ዳታ ቫሊዴሽን ጨምሬ፣ ቀኑ ማህበሩ ከተመሠረተበት ቀን የሚቀድም ወይም ከዛሬ የሚያልፍ ከሆነ እንዳይቀበል አደረግሁ። ማስገቢያው ላይ ትራይ ኮንቨርት ኑል የሰጠው ረድፍ አሁን አይጠፋም፤ የተጣሉ በሚል ለብቻው ቴብል ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ደግሞ "ያልገቡ ረድፎች ብዛት" የምትል አንዲት መስመር አለች።

ጋሼ አሁን ወረቀቱን ሲቀበሉ ከታች ነው የሚጀምሩት። ዜሮ ከሆነ ወደ ላይ ያነባሉ። ካልሆነ ወንበር ይስባሉ።